ዕጣ ጣይዋ

ሃዎ እጇን ባርኔጣው ውስጥ ሰደደችና ደርቃ ቀረች።

የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኞች ለፋሲካ ቅርጫ ሲገቡ ዕጣ የምትጥለው ሁልጊዜ እሷ ናት። እስላም ስለሆነች ከሥጋው አትቀምስም፤ የማይበላ ደግሞ አያዳላም። እያንዳንዱ ሰው ጠጠር፣ ስንጥር ወይም ቆርኪ ባርኔጣው ውስጥ ይከታል። እሷ የማን እንደሆነ ሳታውቅ በየመደቡ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ የጌታም የድሃም ድርሻ በዚያው ይለያል።

ዘንድሮ ግን የጣቢያው ሹም አቶ አለምብርሃንም ገቡበት። ትናንት ሚስታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ሃዎን ከዚራ ሰፈር ቤታቸው ድረስ አስጠሩና፣ የእኛ ዕጣ ከባለቤቴ ደንብ ልብስ የተቆረጠ የናስ ቁልፍ ነው፣ ዳር ካለው መደብ ላይ ጣይው አሏት። ወይዘሮዋ አራጁን ቀድመው አነጋግረውታል፤ ሻኛው የሚከመረው እዚያ ነው። ባልሽ ፋራህ እስከ መቼ በቀን ሥራ ይንከራተታል ሲሉም አከሉበት።

የፋራህ ነገር የሃዎን አንጀት ይበላዋል፤ ዕጣ ማጭበርበር ደግሞ ሐራም ነው። ቢጨንቃት ለጎረቤቷ ለቦጋለች ሹክ አለቻት፣ ለቦጋለች መንገር ለገበያ መንገር መሆኑን ረስታ።

አሁን ጣቶቿ ቁልፍ ነኩ። ሌላም ቁልፍ። ጠጠር የለ፣ ስንጥር የለ። ባርኔጣውን ብትገለብጠው አሥራ ሁለት የናስ ቁልፍ መሬት ላይ ተንከባለለ። በፋሲካ ማለዳ ሁሉም የደንብ ልብሱን ለብሶ መምጣቱን አሁን ገና ልብ አለች። አሥራ አንዱም ኮታቸውን በእጃቸው ሰብስበው ይዘው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

"የእኔ የቱ ነው?" አሉ ሹሙ ግራ ገብቷቸው።

ድሬ አንቱ አታውቅም። "አቦ፣ እኔ እንጃ" አለች ሃዎ፤ "አንተው ለይ።"

የቦጋለች ባል አየነው አንዱን ቁልፍ አንስቶ የእኔ ነው ሲል በንጉሡ ስም ማለ። ሌላው ሠራተኛ ቡልቻም በዚያው ቁልፍ ማለ። ሹሙ ዳር ያለውን መደብ አዩ፣ አራጁን አዩ፤ አራጁ መሬት መሬት አየ። የሚስታቸው ዘዴ ሲገባቸው ፊታቸው ደም መሰለ። ሃዎ፣ ፋራህዬ አለቀልህ አለች በሆዷ።

ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ጎናቸውን ይዘው እስኪንበረከኩ ሳቁ፤ ግቢውም አብሯቸው ሳቀ። ሃዎ ደረቷ ቅልል አላት፤ የፋራህን የሥራ ነገር ግን አላህ ያውቃል።

"ዕጣው በጠጠር እንደገና ይጣላል" አሉ ሹሙ ካራውን ከአራጁ እየተቀበሉ። "የቱ እንደሚደርሰኝ ካላወቅሁማ ሁሉንም እኩል ላድርገው እንጂ!"

ሻኛውን አሥራ ሁለት ቦታ ሲያካፍሉ እጅጌያቸው በጮማ ራሰ። አንዱ መደብ ጥቂት ያነሰ መሰላቸውና ቀና ብለው ሃዎን አዩዋት።

"ጨምርበት" አለች።

ጨመሩበት።