ሦስት ማንኪያ ውኃ

"እጅዎን ያውርዱ፣ አባ።"

ቄስ መርስዔ ኀዘን ግራ ጉንጫቸውን የደገፉበትን እጅ ሰረቅ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ይች አገርነሽ የምትባል የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ዐይኗን መሸወድ መቼ ይቻላል!

ግማሽ ፊታቸው አንድ ጧት ሲነቁ ነው አልታዘዝ ያለው። የአገራቸው የቁንዝላ ሰው ምች ነው አለ፤ ዳማከሴ ያልጨመቀላቸው ጎረቤት የለም። ፊቱስ ይቅር፣ መልክ ለቄስ ምን ያደርግለታል! የጠጡት ሁሉ ግን በከንፈራቸው ጥግ ይንጠባጠባል። የጌታን ደም ደግሞ በማንኪያ ሲቀበሉ አንዲት ጠብታ መሬት ብትነካስ? ፈሩና ራሳቸውን ከቅዳሴ አገለሉ። ያጠመቋቸው ሕፃናት ሲቆርቡ ከኋላ ቆመው ሲያዩ አራት ወር ሆናቸው።

ይህን የነገሯት በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። እስከዚያ መስታወት አስይዛ ቅንድብ ማንሳት፣ ጉንጭ መንፋት ታስተምራቸው ነበር፤ በጉልበት ሲታገሉም ደህናው ጎን ብቻ ስለሚጎተት፣ "ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ ብለው" እያለች ትቆጣቸዋለች። ከነገሯት ወዲያ ግን ከቤቷ ማንኪያ ይዛ መጣች።

አሁን ነጭ ጨርቅ አገጫቸው ሥር ዘርግታ ማንኪያውን በውኃ ሞላችና አጎረሰቻቸው። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ግራው ጥግ ተንቀጠቀጠ፤ ሊከፈት ሊከፈት ብሎ ያዘ። ዋጡ።

ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወስዳ ገልብጣ አየችው። ደረቅ ነው። ሁለተኛ ሞላች፤ ሦስተኛም። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"እሑድ ይቀድሳሉ፣ አባ።"

ቄሱ መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ።

"ልጄ፣ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። በቅዳሴው ስምሽን ልጥራልሽ። ክርስትና ስምሽ ማን ነው?"

ከጠየቁ ወዲያ ደነገጡ። በየሰኞው የመሥሪያ ቤቱን የአብዮት የውይይት ክበብ የምትመራው እሷ አይደለችም እንዴ! ቄስ ጸሎት ያደርስላታል ቢባል ማን ይምራታል?

አገርነሽ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ተመልሳም ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ፅጌ ማርያም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የእናቴንም ይጨምሩልኝ፤ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። አምና ዐረፈች። ፈርቼ ተዝካሯን አላወጣሁላትም።"

ቄስ መርስዔ ኀዘን ሁለቱን ስሞች እንዳይረሷቸው ደጋግመው በከንፈራቸው ያጠኑ ጀመር፤ በግራውም በቀኙም።