የያዛት

ጸበሉ ቦታ ሲደርሱ እናትየዋ ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ እንድትቆም ተነገራት። ልጇ ከሠርጓ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እየጮኸች አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።

«ከሸክላ ሠሪ ቤት ሚስት አታምጣ ብዬው ነበር!» አለች የባልየው እናት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማላት። «የእናቷ ዓይን ነው የበላት። ዛሬ መንፈሱ ይለፈልፋል፤ ትሰማላችሁ!»

እናትየዋ ጥርሷን ነከሰች። እሷ በሠራችው እንስራ ውኃ ይጠጣሉ፤ ዓይኗን ግን ይሸሻሉ። ልማዱንም ታውቀዋለች። መንፈሱ ማን እንደሆነና የት እንደያዛት ይጠየቃል፤ ከዚያ ልቀቅ ይባላል። ልጇ በጭንቋ የእናቷን ስም ከጠራች፣ ሁለቱ ዳግመኛ አይተያዩም።

ባልየው ደምለው የሚስቱን ክንድ ጠፍሮ እንደያዘ ከውኃው ሥር አስገባት። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው ጮኹ።

«ማን ነህ? ተናገር!»

ልጅቷ ተንቀጠቀጠች። እናትየዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ደምለው ነኝ!» አለ ከልጅቷ አፍ የወጣው ወፍራም ድምፅ።

አጥማቂው መስቀሉን ከግንባሯ ሳያነሡ ጠየቁ።

«የት ያዝካት?»

«ጓዳ ውስጥ፤ በሩን ዘግቼ።»

«በምን?»

«በቀበቶ።»

አጥማቂው መስቀሉን እንደያዙ ባልየውን አዩት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል፤ እጁ ግን ክንዷ ላይ ነው። እናትየዋ ሰዉን በክርኗ እየደቃች መጥታ ያንን እጅ ጨመደደችው።

«ትለቃለህ ወይስ አትለቅም?»