ከዲስኩ የተረፈችው ፎቶ

ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ ባለቤቱ ጋሽ ይልቃል ፎቶ አንሺውን፣ «አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ለቆራሌው ከመስጠትህ በፊት ዲስኮቹን ሰባብራቸው፤ የሰው ገመና ነው» አሉት። እሱም መዶሻውን አንስቶ የሰፈሩን ሰርግና ልደት አደቀቀ። አንድም ምስል እንዳልቀረ ለደንበኞቹ አፉን ሞልቶ ነገራቸው። የአንዲት ሙሽራን ፎቶ ግን ቀደም ብሎ ወደ ስልኩ ገልብጧል።

ክረምቱ ሳይወጣ የዚያች ሙሽራ፣ የርብቃ፣ እናት ጥቁር ለብሰው መጡ። ልጃቸው በድንገት አርፋለች።

«በስልክ ያነሳናቸው ሲያሳድጓቸው ይደበዝዛሉ። ለድንኳኑ የሚሆን አንድ እንኳ አልቀረህም፣ ልጄ?»

አንጀቱ አልችል አለው። «ምናልባት ከተረፈ ልፈልግ» ብሎ አሳትሞ፣ ፍሬም አስገብቶ ሰጣቸው። እያለቀሱ መረቁት፤ ምርቃቱ እንደ እሳት ፈጀው።

በማግስቱ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። ፎቶው ድንኳኑ መሃል ቆሟል። የርብቃ ባል ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ፎቶው ቀረበ። ቬሎ የለበሰችው ርብቃ ብቻዋን ናት፤ ትከሻዋ ላይ ግን ቀለበት ያጠለቀ ጣት ያለበት የእጅ ቁራጭ ቀርቷል። ባሏ የራሱን እጅ አንስቶ፣ ቀለበቱን ከቀለበቱ ጋር አስተያየ።

«ከጎኗ ቆርጦ ያወጣኝ ማነው?» አለ።