የምሳ ደወል

“ወረቀት ተለዋወጡ!” አለች አስተማሪዋ። በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያርመው ከጎን የተቀመጠ ልጅ ነበር። ታምሲን የጓደኛዋን የሄቲን ወረቀት ስታይ ሁሉም ልክ ነው። በእንግሊዝኛ በግ አንድም ሆነ መቶ ያው “ሺፕ” ነው፤ ሄቲም እንደዚያው ጽፋለች። አንደኛ የወጣ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የምሳ ደወል ይደውላል። ታምሲን በእርሳስ ቃሉ መጨረሻ ላይ አንዲት “ኤስ” ጣል አደረገችና ኤክስ ሰጠቻት።

“ሄቲ ዘጠኝ። ታምሲን አሥር!” አለች አስተማሪዋ፤ ክፍሉ አጨበጨበ።

ሄቲ ወረቀቷን እያየች ሳቀች። “ምን ነካኝ? ይቺን መጻፌን እንኳ አላስታውስም!” ከዚያ ታምሲንን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። “ምን ይገትርሻል? ሂጂ ተቀበያ! እኔንም አንዴ ታስደውዪኛለሽ፣ እሺ?”

ታምሲን የራሷን ወረቀት አየች። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ የጻፈችው ተፍቆ ትክክለኛው መልስ በሄቲ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ የላጲሱ ፍርፋሪ ገና አልተራገፈም። አስተማሪዋ ደወሉን ስትሰጣት፣ እንዳይጮህ በሁለት እጇ አፍና ያዘችው።