የማልያው ደረት

የልጅ ልጄ ያሲን ሳይክሉን ብቻውን ነድቶ ሲመለስ፣ የማልያው ደረት ጭቃ በጭቃ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ማልያውን የማጥብለት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። በዝናብ ቀን የራሱ ጎማ ጭቃ የሚረጭበት ጀርባው ላይ ነው። ደረትን የሚያበላሸው ከፊት የሚሄድ የሌላ ሰው ጎማ ነው። ወንድሙ ረመዳን በሕይወት ሳለ፣ በወግዲ መንገድ በየተራ እየቀደሙ አንዱ ለአንዱ ነፋስ ይከልሉ ነበር፤ ያኔ የሁለቱም ደረት እንዲህ ነበር። ረመዳን አምና ክረምት በዚያው መንገድ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ሞተብን።

«ያሲኔ፣ ከማን ጋር ነው የምትነዳው?» አልኩት።

«ብቻዬን ነኝ፣ እማ። የምለማመድለት ውድድርም አንድ በአንድ እየተነሱ ሰዓት የሚያዝበት ነው፤ ሰው ጀርባ መጠለል ክልክል ነው። ደግሞስ ማን ይደርስብኛል?» ብሎ ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን «ነፋሱ አይነካኝም፤ ዳገቱም አያደክመኝም። ቁልቁለቱ ላይ ብቻ ይፈጥንብኛል» አለ።

«ማነው የሚፈጥንብህ?»

ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ በሩ ላይ ቆሜ «በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንተን ደግሞ እንዳላጣህ፣ ዛሬ ቅርልኝ» አልኩት።

«እሺ እማ፣ ቀረሁ» ብሎ ንጹሑን ማልያ እንደለበሰ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀድቼለት ዞር ስል ደረቱ ላይ አንድ የጭቃ ጠብታ አየሁ። ዓይኔ እያየ ሌላ ጠብታ አረፈበት፤ ከዚያም ሌላ።

ያሲን ብርጭቆውን አልተቀበለኝም። ተነሥቶ ሳይክሉን ከግድግዳው አነሳና ወደ ወግዲ መንገድ ወጣ።