የከሰል ቆሎ

ለመሐንዲሱ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቀለም ፍሳሽ ያጠገበውን የማጣሪያ ከሰል መጣል ሞቱ ነው። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ሲደርቅ በርሜል ውስጥ አፍኖ እሳት ላይ ያግለዋል፤ ከዚያ ደግሞ መልሶ ያጣራበታል። ባልደረቦቹ "የከሰል ቆሎው ደረሰ?" እያሉ ይስቁበታል። ያልሳቁበት የወጥ ቤቷ እትዬ ብርዛፍ ብቻ ናቸው። እሳቸው ቁንጥር ጨው ቢበደሩ እንኳ ሳይመልሱ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ እንግዶች አስከትለው ሙከራውን ሊያዩ የመጡ ዕለት፣ መሐንዲሱ ስንት ጊዜ የታደሰውን ከሰል ማጣሪያው ውስጥ ሞልቶ፣ ጥቁር ሰማያዊውን ፍሳሽ ለቀቀበት። ከታች የወረደው ውሃ የምንጭ ውሃ ይመስል ነበር።

"በቃ! ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ከሰል የሚባል ነገር አይገዛም!" አሉ ሥራ አስኪያጁ። ባልደረቦቹ ሳይወዱ በግድ አጨበጨቡ።

ለእንግዶቹ ምሳ ይዘው የመጡት እትዬ ብርዛፍ ግን ክው አሉ። የመሐንዲሱን ጋዋን ከኋላ ጎተት አደረጉ።

"ኧረ ልጄ፣ እንዲህማ አይሆንም!"

"ምነው እትዬ?"

"አንተ ያሰጣኸውን እያነደድኩ አይደል እንዴ ምሳችሁን የምሠራው! እንዳይጎድልብህ ብዬ ሁልጊዜ ከአዲሱ ከሰል ጆንያ እየዘገንኩ እተካልሃለሁ። አሁን አዲስ ካልተገዛ በምን ልተካልህ ነው?"