በሩ ላይ የተደገመ መቁጠሪያ

ካቶሊኳ ወርቂቱ በሩ ላይ ተንበርክካ መውጫውን ዘግታ፣ ስለ ሰላም መቁጠሪያዋን ትደግም ነበር። ፖሊሱ ባሏ ለይኩን ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዋ ቆሟል። የጅማ ተማሪዎች በከተማቸው መርካቶ ሰልፍ ወጥተዋል፤ እሱ ሰልፉን እንዲበትን ታዟል። ልጃቸው ጥሩወርቅም እዚያው ናት።

የመጨረሻዋን ፍሬ ስትለቅ "ጨረስሽ፤ አሁን ልለፍ" አላት።

መስቀሉን ስማ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

"ሴትዮ፣ ትእዛዝ ነው! እስከ መቼ ነው የምትደግሚው?"

"ልጄ እስክትመለስ! እመቤታችንን ሃምሳ ጊዜ ሰላም ላንቺ ይሁን አልኳት፤ እሷ ግን ለእኛ አንዲት ቀን ሰላም አልላከችልንም" አለች በንዴት። "መሄድ ካማረህ ረግጠኸኝ እለፍ።"

ለይኩን እየተራገመ በሩን በጡጫ መታው። ሊያነሳት ትከሻዋን ያዘ። እሷ ግን "ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ማርያም" እያለች ጸሎቷን ቀጠለች። እጁን መልሶ ቆቡን አወለቀ።

"ቅድስት ማርያም ሆይ፣ ለእኛ ለኃጢአተኞች ለምኝልን" ሲል ተቀበላት፣ እንደተቆጣ።